ባሕር ዳር ከደሴቶቹ ስትታይ

ፍኖተ ሰላም ላደገ ሰው ባሕር ዳር የመንገድ መጨረሻ ናት። በጠዋት ከመናኸሪያ የተነሳ አውቶቡስ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላንና መራዊን አልፎ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ ጎዳና ይመጣል፤ ከጎዳናው ማዶ ውኃ ይታያል። ልጅ ሳለሁ ጣና ማለት ለእኔ ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ነበር። አስፋልቱ ሲያበቃ በምርቃት የተሰጠ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እናቴን ይዤ በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ስሄድ ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ። ጉዞውን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ በዚህ ሐይቅ ታሪክ ውስጥ መሀሉ የትኛው ነው? ዳሩስ?

መልሱ በከፊል ስሟ ውስጥ አለ። ባሕር ዳር ማለት የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። አንድ ነገር ዳር የሚባለው መሀል የሆነ ሌላ ነገር ሲኖር ነው። ስሙ ሲወጣ ቦታው ከተማ አልነበረም፤ በውኃው ዳር የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንደር ነበር፤ ባሕር ዳር ጊዮርጊስም ይባል ነበር። ሰው የሚያስበው፣ የሚሳለው፣ የሚቀበርበት ቦታ ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ውኃው ውስጥ ነበር።

ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች ይቆጠራሉ፤ ሃያ በሚሆኑት ላይ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ወይም ነበረ። ክብራን፣ እንጦስ፣ ደብረ ማርያም፣ ዳጋ፣ ደቅ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ሬማ፣ ገሊላ። ከእነዚህ ክብራን፣ እንጦስና ደብረ ማርያም ከከተማው ቅርብ ናቸው። ደብረ ማርያም ያለው ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ሲሆን ሰዎቹ ለገበያ ውኃውን ተሻግረው ይመጣሉ። ዛሬ ባሕር ዳር ስንል ሕንፃውንና ጎዳናውን እንጂ እነዚህን አናስብም። ሆኖም ከከተማው አብዛኞቹ ሰፈሮች በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ።

የኔ ሙያ ሶፍትዌር ነው። በሙያችን አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ እንዳይጠፋብህ የምትፈልገውን ነገር ቅጂውን ዋናው ባለበት ቤት አታስቀምጥ። ቤቱ ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ይቃጠላሉና። ባክአፕ የምንለው ይኼ ነው። የጣና መነኮሳት ይህን ሕግ ኮምፒውተር ሳይኖር ያውቁት ነበር። ጦርነት ሲመጣ የየብሱ ቤተ ክርስቲያን ይቃጠላል፣ ከተማውም ይዘረፋል። ፈረሰኛ ግን ውኃ ላይ አይጋልብም። ስለዚህ ታቦቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱና የነገሥታቱ አስከሬን ወደ ደሴት ይሻገራል።

የክብራን ገብርኤል ገዳም የተመሠረተው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ያረፈችበት ነው ይላል ትውፊቱ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም እዚያ ይገኛል። ፋሲለደስን እናስብ። ጎንደርን የቆረቆረ፣ ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍበትን ግንብ ያሠራ ንጉሥ ነው። አስከሬኑ ግን በግንቡ አላረፈም፤ ሐይቁ መሀል ነው ያለው። ኑሮውን ለድንጋይ ሰጠ፣ ሞቱን ለውኃ አደራ አለ።

ጥበቃው ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ጣና ድረስ ሲደርስ ውኃው ብቻውን አላቆመውም። የኢማሙን ዘመቻ የሚተርከው ፍቱሕ አል ሐበሻ በገሊላ ደሴት ላይ ስለተደረገው ጥቃት ይናገራል። ጠላት መንሳፈፊያ ካገኘ ግድግዳው መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ደሴቶቹን ያቆያቸው ውኃው ብቻ አይደለም። ውኃውን ማን መሻገር እንደሚችልና ለማን እንደሚሻገር መታወቁ ነው።

መሻገር ካልን ታንኳ መጣ ማለት ነው። ደቅ ሰፊ ስለሆነ ይታረሳል፤ ትንንሾቹ ደሴቶች ግን እህላቸው ከየብስ ነው። ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ ወደ ሐይቁ የገባው ዘጌም እንዲሁ ነው። ዘጌ በሬ አይጠመድበትም። አቡነ በትረ ማርያም ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን እንዲተክሉ ታዘው ምድሩን ባረኩት ይባላል። የዘጌ ሰው ቡናና ጌሾ ይዞ ይወጣል፣ ጤፍና ዳጉሳ ይዞ ይገባል። ይህ የሐይቅና የየብስ ልውውጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ገዳማቱ በረሃብ ይዘጉ ነበር።

ስለዘጌ ስናወራ አንድ የማይመች ነገርም አለ። የዚያ የተባረከ ደን ቡና ለረጅም ጊዜ የተለቀመው በባሪያ ጉልበት ጭምር ነው። ከደቡብ ምዕራብ በጎጃም በኩል ወደ ሰሜን ይወጣ በነበረው የነጋዴ መንገድ የሚጓዘው ወርቅና ዝባድ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይነዳበት ነበር። የኛ የጎጃም ገበያዎች የዚያ መንገድ አካል ነበሩ። ደሴቶቹና ባሕረ ገቡ ምን እንዳቆዩልን ስንቆጥር እነማን ተሸክመው እንዳቆዩት መዝለል የለብንም።

ታንኳውን የሚሠሩት ደግሞ ነገደ ወይጦ ናቸው። ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ጠፍረው ያስራሉ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ወይጦዎች ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ሙስሊም ነን ቢሉም ሌላው ሙስሊም፣ ክርስቲያኑም «ጉማሬ በል» እያለ አገለላቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ይከብዳል። ደሴቶቹን ከየብስ ያገናኘው፣ ብራናው የተሻገረበት፣ ንጉሡም መነኩሴውም የተሳፈረበት ታንኳ ማንም አብሯቸው ማዕድ በማይቆርስ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንኳ የሐይቁ ትልቅ ገበያ ባሕር ዳር አልነበረችም። በምሥራቁ ዳር ያለችው ቆራጣ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩ ሰዎችን ለማስፈታት የላከው ሆርሙዝድ ራሳም የሰፈረው ቆራጣ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከነሠራዊታቸው ዘጌ ሰፍረው ነበር። መልእክተኛውና መልእክቱ በታንኳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የሁለት መንግሥታት ጉዳይ በደንገል ላይ ሲንሳፈፍ ባሕር ዳር ገና መንደር ነበረች።

ታዲያ መቼ ነው ዳሩ መሀል የሆነው? እኔ እንደሚገባኝ፣ ነገሩ የጀመረው ሰዎች ከሐይቁ የሚፈልጉት ደሴቶቹን ሳይሆን ውኃውን በሆነ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የኛም አገር ይገባበታል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚነሱት ወንዞች፣ ብርም ፈጣምም፣ ጣናን ሳያዩ በደቡብ በኩል ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ትንሽ ወደ ሰሜን ከፍ ሲባል ግን ሰከላ ላይ ግሽ ዐባይ አለ። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዐባይ ለጣና ከሚገብሩት ወንዞች ትልቁ ነው። ሽማግሌዎቻችን ዐባይ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይላሉ። እንግዲህ የምዕራብ ጎጃም ደጋ በአንድ ወገን ለሐይቁ ውኃ ይሰጣል፣ በሌላው ወገን ሐይቁን ጀርባ ሰጥቶ ይወርዳል። ግሽን ለማየት ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 መጥተዋል። እነሱን የሳባቸው ምንጩ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን መጠኑን ይፈልጉ ነበር፤ ውኃው ስንት ነው፣ ቢገደብስ ለማን ይፈሳል?

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ያለ እንግሊዝ ስምምነት የጣናን ወይም የዐባይን ውኃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1925 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ሜጀር ቺስማን ለዓመታት አገሩን ዞረ፤ ሐይቁንና ዐባይን በካርታ ላይ አሰፈረ፣ ደሴቶቹን እየተሻገረ ጎበኘ። በ1936 ያሳተመው መጽሐፉ ስለ ጣና ደሴቶች ከተጻፉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ሰውየው ገዳማቱን በአክብሮት ነው የገለጻቸው። ግን ዳንግላ ላይ ቆንስላ እንዲከፈት ያደረገው የሥዕልና የብራና ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ካይሮና ካርቱም የሚጠጡት ውኃ ጉዳይም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ባሕር ዳር ገባ። ጣሊያን ሐይቁ ላይ ሞተር ጀልባ አስገባ፤ መንደሯን የአስተዳደርና የጦር ሰፈር አደረጋት። እስከዚያ ድረስ ወደ ሐይቁ የሚወስዱት መንገዶች የበቅሎ መንገዶች ነበሩ፤ ሁሉም ታንኳ ባለበት ያበቃሉ። መኪና ሲመጣ ግን ሐይቁን ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ከዚህ በኋላ የቆራጣ ገበያ ምን ይሆናል? ከአውራ መንገዱ የራቀ ሁሉ የሚሆነውን ሆነ። የካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬ ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው በጎጃም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ገሰገሱ። የኛ ከተማ «ፍኖተ ሰላም» የሚለውን ስም ያገኘችው ከንጉሡ ነው ይባላል፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የዘመኑ ቃል መንገድ ሆኖ ነበር።

ባሕር ዳርም የመንገድ ከተማ ሆና አደገች። በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዐባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ሠሩላት፤ ዛሬ የምንወደው ሰፊ ጎዳና ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። እነዚህን በማማት አልጽፍም። እኔ ራሴ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፖሊቴክኒክ ለስንት የገጠር ልጅ በር እንደከፈተ አውቃለሁ። ግን ፋብሪካውም ትምህርት ቤቱም ማመንጫውም ፊታቸው ወደ የብስ ነው። ሐይቁ ለከተማዋ ጌጥና ጉልበት ሆነ እንጂ የምትሻገረው ነገር አልሆነም።

በ1961 ዓ.ም. ሁለት የውጭ ሰዎች ለየራሳቸው ጉዳይ ጣና መጡ። አንደኛው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ፤ ደንገሉን ያገኘው ጣና ላይ ነው። ከጣና የታጨደው ደንገል ግብፅ ተወስዶ ራ የተባለች ጀልባ ተሠራችበት። ጀልባዋ ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከቀዘፈች በኋላ ከመድረሻዋ ትንሽ ሲቀራት ተበታተነች። ሁለተኛው ጀርመናዊው ኤርነስት ሐመርሽሚት ነው። እሱ የመጣው የገዳማቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ለመቅረጽ ነበር፤ የክብራንን ብራናዎች ዝርዝር የያዘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስባቸው ይደንቀኛል። አንዱ ደሴቶቹን በሕይወት ያቆየውን ታንኳ፣ ሌላው ታንኳው ያሻገረውን ብራና ለዓለም አሳየ። የብራናው ቅጂ አውሮፓ አለ፤ የደሴቱ ባክአፕ ሌላ ባክአፕ አገኘ። የታንኳው እውቀት ግን ማይክሮፊልም የለውም። ያለው በሰው እጅ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በ1980 ዓ.ም. ጎጃም ሲከፋፈል ባሕር ዳር የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ሆነች፤ ቆይቶ የክልል መቀመጫ ስትሆን የዞኑ ከተማነት ለኛዋ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጫራ ጫራ ላይ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ የሐይቁ ከፍታ በበር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ክፉኛ ዝቅ ብሎ መርከቦች ተቸግረው ነበር። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። በ2004 ዓ.ም. በመገጭ መግቢያ በኩል እምቦጭ ታየ፤ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዘገበ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዐባይ ድልድይ ተመረቀ። ድልድዩ ያምራል። የሚያሻግረው ግን ወንዙን ነው፤ መኪናው ደሴቶቹን ሳያይ ወደ ጎንደር ያልፋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ወይጦዎቹ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳርቻው እየተገፉ ሰፈር ቀያይረዋል። ደንገል የነበረበት ቦታ መዝናኛና አጥር ሆኗል። የፋይበርና የብረት ጀልባ ፈጣን ነው፣ ይኼ አያከራክርም። ግን ነዳጅ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ፣ እኛ ጎጃሞች መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደንብ እናውቃለንና፣ ከዳርቻው ታጭዶ የሚሠራ መሻገሪያ ያለው ደሴት ከሌለው ይሻላል። የደሴቶቹ አደራ ጠባቂነት በሦስት ነገር ላይ ቆሞ ነበር፤ በውኃው፣ በመነኩሴውና በታንኳ ሠሪው። ውኃው በእምቦጭና በበር መሀል ነው። መነኩሴው አለ። ሦስተኛውን ከመጀመሪያም ከቁጥር አላስገባነውም።

ወደ ጉዞው ልመለስ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ክብራን ገብርኤልን ስትሳል የኖረች ሴት ናት። ክብራን ሴት እንደማይገባ ታውቃለች፤ እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ሳለን ልነግራት አፍሬ ነበር። ጀልባው ላይ ሆነን ቀስ ብዬ ስጀምር፣ «አውቃለሁ እኮ ልጄ፣ እንጦስ አውርደኝና አንተ ሂድ» አለችኝ። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ሴት መነኮሳት ይኖሩባታል። ጧፉንና ዕጣኑን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ። «እግሬ ባይደርስ ጧፌ ይደርሳል» አለች።

ክብራን ወጣሁ፤ ጧፉንም አደረስኩ። እቃ ቤቱ ደጅ ላይ አንድ አባ ብራና ገልጠው አሳዩኝ። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። «ይኼን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየ አባ?» ብላቸው ወደ ውኃው በአገጫቸው አመለከቱና፣ «ሰው ያመጣዋል፣ ውኃው ይዘጋበታል» አሉኝ። ስወርድ ይህችን ቃል እያሰብኩ ነበር። ሰው ያመጣዋል ሲሉ በምን እንደሚያመጣው አልተናገሩም፤ መናገር ያስፈለጋቸውም አይመስለኝም።

እናቴን ለመውሰድ ስመለስ እንጦስ ዳርቻ ላይ ከአንዲት እማሆይ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ ወደ ክብራን ነው። ከተማው በጀርባዋ በኩል፣ ሆቴሎቹና ፋብሪካው ሁሉ አንድ ላይ፣ ከውኃው በላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ጀልባው ላይ ስትወጣ ዞር ብላ አየችውና፣ «ያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ባሕር ዳር ነዋ እማ።»

ትንሽ አየችው። «እውነትም ዳር ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።